አርባ ልጆችና ሙሴ ኬቮርክ፦ ሰው አቀጣጠርን ከፒያሳ ታሪክ እንማር

ዛሬ የምናወራችሁ በሕይወት ከሌሉ 60 ዓመት ስላለፋቸው አንድ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ስማቸውን የሙዚቃ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ሌሎቻችን ስማቸውን ባናውቅ እንኳ ሥራቸው በቤታችን አለ። አያቶቻችን፣ አንዳንዶቻችንም ወላጆቻችን፣ ልጅ ሆነው በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል የዘመሩት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የእሳቸው ነው። ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላሉ።

ታሪካቸውን የመረጥነው ግን ለመዝሙሩ ብቻ ብለን አይደለም። ይህን ገጽ ከምትከታተሉት ብዙዎቻችሁ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ አንድ ነገር የጀመራችሁ ናችሁ። አፕ የምትሠሩ አላችሁ፣ ዕቃ የምታደርሱ አላችሁ፣ ፒያሳ አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ ዲዛይን የምትሠሩ አላችሁ። ሁላችሁም አንድ ቀን እዚያች ጥያቄ ላይ ትደርሳላችሁ፦ የመጀመሪያውን ሰው ማንን እንቅጠር?

እኛም ደርሰንባታል። ገጹን ስንጀምር መጀመሪያ ያስገባነው ልጅ ካሜራ ያለው ልጅ ነበር። እውነቱን እንናገርና ልጁን አልነበረም የቀጠርነው፤ ካሜራውን ነው። ልጁ ዜና አይወድም፣ ጠዋት መነሳት አይወድም፣ እኛንም ብዙ አይወደንም ነበር። በሦስተኛው ወር ልጁም ሄደ፣ ካሜራውም አብሮት ሄደ። እኛ ደግሞ ካሜራ መያዝ እንኳ ሳንማር ባዶ እጃችንን ቀረን። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፣ የእኛ ነበር። ምን እንደጎደለን ሳናውቅ ነው ሰው የፈለግነው።

የሙሴ ኬቮርክን ታሪክ ስናነብ ትዝ ያለን ይሄ ነው። እሳቸው ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ 40 የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ላኩ። ሚሌቭስኪ የሚባል የፖላንድ ተወላጅ አሠልጣኝም አብሮ መጣ። በዚህ መንገድ ቤተ መንግሥቱ በአውሮፓ ዓይነት የሚነፋ የማርሽ ባንድ አገኘ። መሣሪያው በስጦታ መጣ፣ አሠልጣኙም እንግዳ ነበር። ሙዚቃውን ሥራዬ ብሎ ይዞ ትውልድ የሚያፈራበት ሰው ግን ገና ነበር።

ከዚያ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። ኢትዮጵያ መስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ብዙ መኳንንት አስከትለው ረጅሙን የውጭ ጉዟቸውን ጀመሩ። ኢየሩሳሌምንና ግብፅን ጎበኙ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። በየደረሱበት የክብር ዘብ ይሰለፋል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሙዚቃ ይነፋል። እንግዲህ አስቡት። የሀገር ሙዚቃ በዚያ ዘመን ለጨዋታ ብቻ የሚፈለግ ነገር አልነበረም። ሀገር ከሀገር እኩል መቆሟን የምታሳይበት ነበር።

ኢየሩሳሌም ላይ ራስ ተፈሪ የአርመኖችን ገዳም ጎበኙ። እዚያ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። በ1915 እ.ኤ.አ. የኦቶማን መንግሥት በአርመኖች ላይ ካደረሰው እልቂት የተረፉ፣ እናት አባታቸውን ያጡ፣ ገዳሙ ያሳደጋቸው ልጆች። አልጋ ወራሹ የልጆቹን ሙዚቃ ሰሙ፣ በጣምም ወደዱት። የኢየሩሳሌሙን የአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ተስማሙ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አንድ ትልቅ መስፍን ለመንግሥቱ ሙዚቀኛ ሲፈልግ የት ይሄዳል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ፓሪስ ነዋ! ራስ ተፈሪ ደግሞ ወደ ፓሪስ እየሄዱ ነበር። ስም ያለው፣ ወረቀት ያለው፣ በሜዳሊያ ያጌጠ ባንድ እዚያ ሞልቷል። እሳቸው ግን ሌላው ሰው የማያይበት ቦታ አዩ። የወደዱትም በወሬ ሳይሆን ጆሯቸው ሰምቶ ነው። ልጆቹ የሚያሳዩት ሲቪ የላቸውም፣ የሚያማልድላቸው ዘመድ የላቸውም። ያላቸው አብረው ማደጋቸውና አብረው መንፋታቸው ነበር።

በእነዚህ ልጆች ላይ መሪ ሆነው የተሾሙት ናቸው እንግዲህ የዛሬው ባለታሪካችን።

ኬቮርክ ናልባንዲያን የተወለዱት በ1887 እ.ኤ.አ. አይንታብ ከተማ ነው፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ጋዚያንቴፕ የምትባለው። አይንታብ ብዙ አርመኖች የሚኖሩባት፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን የሞላባት ከተማ ነበረች። በ1915 እ.ኤ.አ. የከተማዋ አርመኖች ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ። የተረፈው ሕዝብ በሶርያ፣ በሊባኖስ፣ በፍልስጤምና በግብፅ ተበተነ። ኬቮርክ ከተረፉት አንዱ ናቸው። ከሀገራቸው ይዘው የወጡት ሀብት በጭንቅላታቸው ያለው ሙዚቃ ነበር ማለት ይቻላል። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ 37 ዓመታቸው ነበር። ልጅ አይደሉም፣ ሽማግሌም አይደሉም። አንድ ጊዜ ሁሉን አጥተው እንደገና ለመጀመር የተዘጋጁ ሰው ነበሩ።

ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አርባው ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። ዘመን ሊለወጥ አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የጳጉሜን ዝናብና ጭቃ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የአዲስ አበባ ሰው ወዲያው ስም አወጣላቸው፦ አርባ ልጆች። በታሪክም እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

የመጡበት ከተማ ባዳ አልሆነባቸውም። አዲስ አበባ ቀድሞም አርመኖች ነበሯት። በአፄ ምኒልክ ዘመን የእንፋሎት ባቡር መኪና ያስመጡት ሰርኪስ ቴርዚያን አርመን ነበሩ። ሰባራ ባቡር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ መኪና ነው። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች ቦያጂያኖች አርመን ነበሩ። ወርቅ ሠሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ ነጋዴው በአራዳ ገበያ ዙሪያ ነበር። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው አካባቢ ያለው የአርመን ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያናቸውና ትምህርት ቤታቸው ዛሬም የዚያ ዘመን ምልክት ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ቋንቋቸውን የሚሰማ፣ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ በበዓል የሚጠራቸው ወገን ነበራቸው።

ይሄን ትንሽ ነገር አታድርጉት። አዲስ ሰው ስንቀጥር ደሞዙን እናስባለን፣ ወንበሩን እናስባለን። ከማን ጋር ምሳ ይበላል፣ ሲከፋው ለማን ይናገራል ብለን የምናስብ ስንቶቻችን ነን? ሰው የሚለቀው በደሞዝ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ብቸኝነት ነው የሚያስለቅቀው።

አርባ ልጆች በሙሴ ኬቮርክ መሪነት የሀገሪቱ የመጀመሪያ ይፋዊ ኦርኬስትራ ሆኑ። አልጋ ወራሹ እንደ አሳዳጊ አባት ሆነው ያዟቸው፤ ሙዚቃም በደንብ እንዲማሩ አደረጉ። ይሄም ልብ ይባል። ልጆቹ ያለቀላቸው ባለሙያዎች ሆነው አልመጡም። ጥሩ ጅምር ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ያለቀለት ባለሙያ ዋጋው ውድ ነው፤ ደግሞም ያለቀለት በሌላ ሰው ቤት ሥርዓት ነው። ጅምር ያለውንና የሚማረውን ሰው ከያዝክ ሥርዓቱን አብራችሁ ትሠራላችሁ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የሚያስተምር ሰው በመካከላቸው መኖር አለበት። አርባ ተማሪ ያለ አንድ መምህር አርባ ጥሩንባ ነው፤ ጩኸት ብቻ።

ሙሴ ኬቮርክ ዋና ሥራቸውን ከሠሩት ብዙም ሳይቆዩ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ.፣ አዲስ አበባ በገቡ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ማርሽ ተፈሪ የተባለውን ዜማ ደረሱ። የአማርኛ ግጥሙ የታላቁ ባለቅኔ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። አንዱ ጎጃም ላይ በቅኔ ቤት ያደገ፣ አንዱ ከአይንታብ የመጣ ስደተኛ። ሁለቱ ተገናኝተው የሀገር መዝሙር ሠሩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ያ ዜማ በዓለም እንግዶች ፊት ተሰማ። እስከ አብዮቱ ድረስም የሀገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ከ40 ዓመት በላይ ቆየ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ያለ ችግር የሆነ አይምሰላችሁ። ሁለት ነገር እንናገር።

የመጀመሪያው፣ ውሉ የአራት ዓመት ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ጊዜው አለቀ። ከአርባው ብዙዎቹ ወደየአገሩ ሄዱ፣ ጥቂቶቹ እዚሁ ቀርተው ኑሮ መሠረቱ። በአንድ ጊዜ የገባ ቡድን በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ሥራህን በሙሉ አብሮ በመጣ አንድ ስብስብ ላይ ካስቀመጥክ፣ ያ ስብስብ የሄደ ቀን ቤትህ ባዶ ነው። ዛሬም ከአንድ መሥሪያ ቤት አምስት ጓደኛሞችን አንድ ላይ የሚያስኮበልል አለቃ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። አብረው መጥተዋል፤ አብረው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ደግሞ የሚያንገበግብ ጥያቄ ነው። ሀገር ውስጥ ሙዚቀኛ ጠፍቶ ነበር ወይ? አልጠፋም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየጠጅ ቤቱ፣ በየሠርጉ ነበር። በገና ደርዳሪው ነበር፣ የቤተ ክህነቱ ሊቅ ከነዜማ ምልክቱ ነበር። ግን አዝማሪነት እንደ ሙያ የሚከበርበት ጊዜ አልነበረም። ለቤተ መንግሥት ሰልፍ የተፈለገው ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ስለነበር በር ላይ ያለው ባለሙያ ሳይታይ ከውጭ ሰው መጣ። ይሄ ለእኛ ዘመን እንግዳ ነገር ነው? አይመስለንም። አጠገባችን ያለውን ሰው የምናውቀው ስለሚመስለን እንንቀዋለን። የሩቁን ስለማናውቀው እናከብረዋለን።

የሙሴ ኬቮርክ ታሪክ ከሌላው የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ውሉ ሲያልቅ ሰውየው አልሄዱም።

እዚሁ ቆዩ። የጻፉት መዝሙር ስም አውጥቶላቸዋል፤ ወደ ሌላ ትልቅ ከተማ ሄደው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ዓመት ቆጥረው፣ ልጅ ሰብስበው፣ ኖታ እያስነበቡ ማስተማርን መረጡ። ለመድረክም ሙዚቃዊ ቴአትር ሠሩ። አሠልጣኝ በነበሩበት ባንድ ውስጥ መሣሪያውን የሚይዘው እጅ ቀስ በቀስ የኢትዮጵያውያን ሆነ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ብዙ ነገር ፈረሰ፣ ተበተነ። ከነፃነት በኋላ ባንዶቹ እንደገና ሲቋቋሙ ግን ሙያው ከሰው ጋር ተርፎ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦር፣ የማዘጋጃ ቤት ባንዶች እየተጠናከሩ መጡ። ወርቃማው የምንለው የሙዚቃ ዘመን የቆመው በእነዚህ ባንዶች ትከሻ ላይ ነው። ሌሎችም አሠልጣኞች ከውጭ መጥተው ድርሻቸውን አድርገዋል፤ ሁሉንም ለአንድ ሰው አንሰጥም። ረጅሙን ጊዜ የቆዩት ግን ናልባንዲያኖች ናቸው።

ናልባንዲያኖች ያልነው በስህተት አይደለም። ሙሴ ኬቮርክ የወንድማቸውን ልጅ ነርሲስን ወደ ሥራው አስገቡ። ነርሲስ ናልባንዲያን በ1915 እ.ኤ.አ. እዚያው አይንታብ የተወለዱ፣ ኢትዮጵያ ወጣት ሆነው የገቡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። በቃ፣ የዘመድ ሥራ! ትክክል ናችሁ፣ ዘመድ ቀጠሩ። በአዲስ አበባ ስንቱ ድርጅት የሞተው የአክስት ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ነው! ግን ዘመድ መሆን በራሱ ኃጢአት አይደለም፣ ብቃትም አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፦ ስሙን ብንሰርዘው በሥራው ብቻ ይቀጠር ነበር ወይ? ነርሲስ ይቀጠሩ ነበር። ከአጎታቸው በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ መሩ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር) ሲከፈት ሙዚቃው ውስጥ ከነበሩት ዋና ሰዎች አንዱ ነበሩ። ደግሞ አጎታቸው ከጀመሩት አለፍ አሉ። የሀገሩን ቅኝት ይዘው፣ ለትልቅ ኦርኬስትራ እያቀናበሩ፣ ዘፋኞቹን በዚያ ላይ አቆሟቸው። ከ30 ዓመት በፊት በር ላይ ቆሞ የነበረው የአዝማሪው ዜማ በዚህ መንገድ ከትልቁ መድረክ ደረሰ። ዘግይቶ፣ ግን ደረሰ።

ፒያሳም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷን ድርሻ ይዛለች። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለማነሳሳት በአቶ መኮንን ሀብተ ወልድ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ እዚሁ ፒያሳ ዛሬም አለ። ያ ቤት ደግሞ በአዝማሪውና በባህል ተጫዋቹ የቆመ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከዚያ ተነስቶ ነው ወደ ክብር ዘበኛ ባንድ የገባው። እዩት እንግዲህ፦ በአንድ በኩል ከኢየሩሳሌም የተጀመረው መንገድ፣ በሌላ በኩል ከሀገር ፍቅር መድረክ የተጀመረው መንገድ፣ ሁለቱ ተገናኝተው ያ የምንወደው ድምፅ ተወለደ። አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር።

ሙሴ ኬቮርክ በ1963 እ.ኤ.አ. በ76 ዓመታቸው ገደማ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ለአራት ዓመት ውል ከመጡ 39 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ነርሲስም በ1977 እ.ኤ.አ. እዚሁ አረፉ።

ባለፉት ዓመታት ፒያሳ ብዙ ተለውጣለች። የምናውቃቸው ቤቶች ፈርሰዋል፣ ሰፈርተኛው ተበትኗል፣ በአንዳንድ ቦታ ቆመን የት እንደሆንን ግራ የሚገባን ጊዜ አለ። ቤት ይፈርሳል። ለሰው የተላለፈ ሙያ ግን ከሰው ወደ ሰው እየሄደ ይኖራል። የአይንታብ ቤታቸው ጠፍቶባቸው እዚህ ድረስ የመጡት ሰውዬ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁ ነበር ብለን እናስባለን።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የመጀመሪያውን ሰው ማንን እንቅጠር?

እኛ ከዚህ ታሪክ የወሰድነው ይሄን ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛ መመዘን ያለበት ዛሬ በሚሠራው ብቻ አይደለም። የሄደ ቀን ምን ትቶ ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ። ሙያውን ለብቻው የሚይዝ ሰው ከሆነ፣ ምንም ጎበዝ ቢሆን፣ ሲሄድ ከነካሜራው ነው የሚሄደው። ሌላውን እያስተማረ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ግን ትንሽ ቀስ ቢል ታገሱት፣ ደሞዙ ላይ አትከራከሩት፣ እንዳይከፋው ተጠንቀቁለት። ፈልጋችሁም ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት በራችሁ ላይ የቆመውን ማሲንቆ ያዥ አንድ ጊዜ ስሙት።

እኛ አሁን ካሜራ የምትይዝ ልጅ አግኝተናል። የራሷ ካሜራ የላትም፤ የምንሠራው በተዋሰ ነው። ግን በሁለት ወር ውስጥ ሦስታችንንም መቅረጽ አስተምራናለች።

እናንተስ ቤተሰብ? የመጀመሪያ ሠራተኛችሁን እንዴት አገኛችሁት? አሁንስ አብራችሁ ነው? አያቶቻችሁ ስለ አርባ ልጆች ወይም ስለ ናልባንዲያኖች ያወሯችሁ ነገር ካለም አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፣ እናነባለን። ነገር ለመጀመር ለሚያስብ ጓደኛችሁም ብታጋሩት ደስ ይለናል። መልካም ጊዜ!